መላጣ ዶሮ የማውጣት ጥበብ

ደብረ ታቦር ውስጥ ዳክዬ የሚያረባ ሰው ለማግኘት ብዙ ደጅ ማንኳኳት ይጠይቃል። ላባዋ የረገፈ ዶሮ ግን ከጉና ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ብርቅ አይደለችም። ታዲያ እንዲህ ያለችው ዶሮ እንዲያው በአጋጣሚ የተመለጠች አይምሰል፤ ብዙ ሙያ፣ ብዙ ምክርና ብዙ ፈሳሽ ፈሶባታል። ሙያውን መቅሰም የሚሻ ጀማሪ አርቢ የመጀመሪያውን ሕግ ከያዘ ሌላው ቀላል ነው፤ ዶሮዋን ቀርቦ ማየት ክልክል ነው።

ሁነኛ አርቢ በሽታ የሚለየው መደብ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዶሮዋ ግቢውን ስታቋርጥ አንዴ ገርመም ያደርጋትና «እከክ ነው» ይላል፤ ምርመራው አለቀ። ይዞ፣ ገልብጦ፣ በቂጧ ዙሪያና በክንፏ ሥር ያለውን ላባ በጣት እየገለጡ ማየት የሥራ ፈት ጠባይ ነው። እንዲያ ያደረገ ሰው ከላባው ሥር እንደ ስኳር ተጋግሮ የተጣበቀ ነጭ ቅጫም ያገኛል፤ ቢጫ ቅማሎችም ከብርሃኑ ሲሸሹ ይደርስባቸዋል። የዶሮ ቅማል ተወልዶ የሚሞተው እዚያው ዶሮዋ ላይ ስለሆነ የትም አያመልጥም፤ ለማየት የሚያስፈልገው ሁለት እጅና ደህና ፀሐይ ነው። ይህ ደግሞ ለመድኃኒት ሻጩ ጥሩ ዜና አይደለም።

ላባው ከየት በኩል እንደጎደለ መጠየቅም አያሻም። ጀርባዋና ማጅራቷ ብቻ የተገለጠ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ በሽታዋ አውራ ዶሮው ነው፤ ሲወጣባት በጥፍሩ ይቧጥጣታል፣ በመንቁሩ ማጅራቷን ይነጫል። ለዐሥር ያህል ሴት አንድ አውራ ይበቃል። ሦስት ሴትና ሁለት አውራ ያለበት ቤት ግን የሚያስፈልገው ቅባት ነው እንጂ አንዱን አውራ ለበዓል ማሰናበት እንዴት ተደርጎ! ደረቷ የተመለጠውስ? እሷማ ታቅፋለች። ገላዋ እንቁላሉን ሳይጋረድ እንዲያሞቅ የደረቷ ላባ ይለቃል፤ በ21 ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። ብልሁ አርቢ ግን ደረቷን በዘይት ለውሶ እንቁላሉ ላይ ይመልሳታል። የእንቁላል ቅርፊት የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች በዘይት ይደፈናሉ፤ ጫጩቱም ሳይወጣ ይቀራል። ጥፋቱ የዶሮዋ ነው፤ «እሷ እኮ ማቀፍ አታውቅበትም» ይባላል።

ከሁሉ የሚያስቀው በተፈጥሮዋ አንገተ መላጣ የሆነችውን ዶሮ ማከም ነው። እናቷም አያቷም አንገታቸው ላባ አልነበረውም። ኤድንብራ በሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ነገሩ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ በአንድ ዘረመል አጠገብ የተፈጠረ ለውጥ የአንገቱን ላባ ከቡቃያው ያስቀረዋል። ሙቀት ባለበት ቆላ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖር የደብረ ታቦር አርቢ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ ይሄን ያህል ላያስደስት ይችላል። ቢሆንም በየሳምንቱ ቅቤ መቀባት አንገቷ ላይ ላባ አያበቅልም፤ ቅቤውን ግን ይጨርሳል።

ላባ መቀየርም አለ። ዶሮ በዓመት አንዴ ገደማ አሮጌውን ላባ ከራስና ከአንገቷ ጀምራ ታራግፋለች፣ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ይወጣል፣ እስኪሞላላት ድረስም እንቁላል መጣል ታቆማለች። ይህን ጊዜ ባለዶሮዋ «ዓይን በልቷት ነው» ብላ ብታዝን ማን ይፈርድባታል? ደጃፉ ላባ በላባ ሆኗል፣ የእንቁላሉ ብር ቆሟል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ እንቁላል አትጥልምና ጥሬ ይቀነስባት። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ አዲሱን ለማብቀል የኑግ ፋጉሎ፣ የባቄላ ክክ፣ ጭራ የምታወጣው ትልም ያስፈልጋታል። እነዚህ ሁሉ ከተነፈጓት ከመላጣነቷ ቶሎ አትወጣም፤ ከሳምንታት በኋላም አርቢው «ይኸው፣ በሽታ ነው ብዬ አልነበር?» ለማለት ይበቃል።

አሁን ወደ ሕክምናው። እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ያስቀለጠ አገር ለቅማል ብሎ ቀላል መሣሪያ አያነሳም። ለበግ እከክ የተገዛው ዲያዚኖን ጓዳ ውስጥ ካለ እሱ፤ ከሌለ ለነቀዝ የመጣው ማላታዮን፤ ያም ከጠፋ ከወባ ርጭት የተረፈ አሮጌ ዲዲቲ። መጠኑ በክዳን ይለካል፤ የየትኛው ጠርሙስ ክዳን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው። በግ የቻለውን ዶሮም ትችለዋለች የሚለው እምነት ዲያዚኖን ላይ ክፉኛ ይሰበራል፤ ወፍን በተለየ ሁኔታ ይገድላል። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሎንግ አይላንድ ውስጥ በዚሁ መድኃኒት የተረጨ የጎልፍ ሜዳ ሣር የጋጡ 700 ያህል የዱር ዝይዎች አልቀዋል፤ በኋላም አገሪቱ ጎልፍ ሜዳ ላይ እንዳይረጭ ከልክላለች። ዲዲቲ ደግሞ አይቸኩልም። ስብ ውስጥ ይቀመጥና ከዶሮዋ ወደ አስኳሉ፣ ከአስኳሉ ወደ ልጁ ይሻገራል። ምናልባት አንድ የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ እንቁላሉስ ይበላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ቅርፊት አለው አይደል እንዴ ልጄ፣ ምን ይሆናል ብለህ ነው!» ብሎ መመለስ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ዶሮዋ ራሷ የጀመረችውን ሕክምና ማስቆም ያስፈልጋል። ምድጃ ዳር አመድ ላይ፣ አጥር ሥር ደረቅ አፈር ላይ ተንከባላ ላባዋን ስታራግፍ ቅማሉን እያረገፈች ነውና፣ ግቢ አቆሸሸች ተብላ ትባረር።

አንድ ጊዜ መርጨት እንደሚበቃ ማስመሰልም ከሙያው ነው። አብዛኛው መድኃኒት ቅጫሙን አይገድልም፤ ቅጫሙ በሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ የሚደገመው ርጭት ሥራውን ስለሚያበላሽ ይቅር።

የቆጡ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ቢያንስ ቀና ብላ ቆጡን አይታለች፤ የዛሬው አርቢ ያንንም አያደርግም። ቀዩ የዶሮ ቅንቅን ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም። በቆጡ እንጨት ስንጥቅና በግድግዳው ጭቃ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። ደም ሳይቀምስ ለወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ዶሮዋ በጠራራ ፀሐይ ትታጠብ፣ ቆጡ ግን አይነካ። በጨለማ ባትሪ ይዞ ገብቶ፣ ነጭ ጨርቅ ከቆጡ እንጨት ሥር ያሻሸ ሰው ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ጭረት ያያል፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱን አውርዶ በፈላ ውኃ መቀቀል፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ስንጥቁን መምረግ ይመጣል። ይህን ሁሉ ጣጣ ለማስቀረት ሌሊት መተኛት ይሻላል። ዶሮዋ የራሷ ቀይ ሥጋ ገርጥቶ፣ ቆጥ ላይ አልወጣም ብላ ውጭ ስታድር «አመሏ ተበላሸ» ይባላል።

የእግር ቅርፊቷ ሲነሳና ሲያብጥ፣ ከቅርፊቱ ሥር የሚቦረቡር ዓይን የማያየው ነፍሳት ስላለ ቅርፊቱን በወረንጦ መንቀልና ደሙን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ማጠብ የተለመደ ጭካኔ ነው። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ አለስልሶ ቫዝሊን መቀባት፣ ለተወሰኑ ሳምንታትም መደጋገም ነፍሳቱን አፍኖ ይገድላል። ቫዝሊን ግን አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ የማያቃጥል መድኃኒት ደግሞ ማን ያምነዋል።

እንደ ዕድል ሆኖ ዳክዬ ያለው ሰው ካለ አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለው፤ በኦሞ ማጠብ። ዳክዬ ከጭራዋ ሥር ካለ ዕጢ ዘይት በመንቁሯ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች፤ በዚህም ውኃ አይገባትም። ኦሞው ዘይቱን ከወሰደው ውኃ ላይ የኖረች ወፍ እንደ ዶሮ ትረጥባለች፣ በጉና ብርድም ትንቀጠቀጣለች።

ሁሉም ካልሠራ ቴትራሳይክሊን አለ። ቅማልን አይነካም፣ ፈንግልን የሚያመጣውን ቫይረስም አይነካም፣ የዶሮ ፈንጣጣ በራሷና በዓይኗ ዙሪያ የሚያወጣውን ኪንታሮትም አያደርቅም፤ ኪሱ ውስጥ ላለው ሰው ግን ሁሉም በሽታ አንድ ነው። ለፈንግልም ለፈንጣጣም ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ክትባት ግን የሚሰጠው ዶሮዋ ጤነኛ ሳለች ነው፤ ጤነኛ ዶሮ ይዞ የእንስሳት ጤና ኬላ የሚሄድ ሰው ደግሞ መንደሩን ያስቃል።

የመጨረሻው እርምጃ ገበያ ነው። ተመራማሪው ንጉሤ ዳናና ባልደረቦቹ የደብረ ታቦርን ዙሪያ ፋርጣን ጨምሮ በአምስት አካባቢዎች አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አርቢው ዶሮ ሲመርጥ የላባ ቀለምን ከቁም ነገር እንደሚቆጥር ያሳያል፤ ገብስማ ነሽ፣ ቀይ ነሽ ተብላ የምትመረጥ ዶሮ ላባዋ ከሌለ ምን ቀለም እንዳላት ለገዢ ማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ በዓል ሲቃረብ፣ ገበያው ሲጨናነቅ፣ እግሯን አስሮ ጀርባዋን ወደ ውስጥ አዙሮ መያዝ ነው። ገዢው ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆይቶ ቢያያት ቅማሉንም ቅንቅኑንም ይደርስበት ነበር፤ ማታውኑ ከራሱ ዶሮዎች ጋር ቆጥ ላይ ያወጣታል።