ከርቤውን በቤቱ አስቀምጦ

ሐርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር፣ ሐበሻ ቡና አፍልቶ በተሰበሰበበት፣ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ወንድማችን ተረበን። «የእንግሊዝኛ ቃል እኮ የአማልክት ዘር ነው! ፓኒክ እረኛ ከሚያስበረግገው ከፓን፣ ኢኮ በፍቅር ከስታ ድምጿ ብቻ ከቀረላት ልጅ፣ ቮልካኖ ከአንጥረኛው ከቩልካን። የእናንተ አማርኛ ምን አለው?»

ቀስ በል፣ ወንድሜ! ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ጥያቄህ ግን መልስ አያጣም። አማልክቱ ራሳቸው ድግስ ሲያምራቸው የት ይሄዱ ነበር? ሆሜር ኢሊያድን ሲጀምር ዜውስ ሌሎቹን አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ እንደሄደ፣ በ12ኛው ቀን እንደሚመለስ ይነግርሃል። አንድሮሜዳ የሚሉት ጋላክሲስ ስሙን ከማን አገኘ? በተረቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከነበረው ከቄፌዎስ ልጅ!

«የሆሜር ኢትዮጵያ የዛሬዋ አይደለችም» ልትለኝ ነው። ይሁንልህ። ከርቤውስ?

እንግሊዞች ከርቤን «መር» ይላሉ። ባለቅኔው ኦቪድ እንደሚተርከው ሚራ የምትባል የቆጵሮስ ንጉሥ ልጅ ከአባቷ ሸሽታ ሳባ ምድር ስትደርስ ዛፍ ሆነች፤ የሚንጠባጠበው ሙጫም እንባዋ ነው። ተረቱ ያምራል፤ ቃሉ ግን ይቀድመዋል። ግሪኮች ሙጫውን ሲገዙ ስሙንም ከሴም ቋንቋ አብረው ወሰዱት። ዐረቡ «ሙር»፣ ዕብራዊው «ሞር» ይለዋል፤ እኔና አንተ «መራራ» የምንለውም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው።

ደግሞ ሩቅ አገር አይምሰልህ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኤርትራን ባሕር ጉዞ በግሪክኛ የጻፈው ሰው ከርቤ ከሚጫንባቸው ወደቦች መካከል ማላኦን ይጠራል፤ ሊቃውንቱም ማላኦ በርበራ ናት ይላሉ። ከአያሃ መኪና ይዘህ በጥቂት ሰዓት የምትደርስባት በርበራ!

ካላመንከኝ ገበያ ውጣና ሱማሌዎቹን ከርቤን በቋንቋቸው «መልመል» ብለህ ጠይቃቸው። አንዷን ፍሬ አንሳት፤ ላይዋ አቧራ የለበሰ፣ ቀላ ያለች ቡናማ ናት። ስትሰብራት ውስጧ ያብለጨልጫል። ቅንጣቷን ምላስህ ላይ አድርጋት። «አማርኛ ምን አለው?» ላልከው ምላስህ ራሱ ይመልስልሃል።

ነገ ለልጆቹ ፓኒክንም ኢኮንም አስተምራቸው፣ ደስ ይለኛል። «መር» ላይ ስትደርስ ግን ከቆጵሮስ ንጉሥ ልጅ አትጀምርባቸው፤ ከበርበራ ጀምርላቸው።