በሱሉልታ ያለ ሳንቲም

ሰው ወደ ተራራ የሚወጣበት ምክንያት እንደ ዘመኑ ይለያያል። ባሕታዊው ከዓለም ለመሰወር፣ ንጉሡ ጠላቱን ከሩቅ ለማየት፣ ሕመምተኛው ንጹሕ አየር ለመሳብ ይወጣ ነበር፤ በዘመናችን ግን ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ለማውጣት፣ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ያለው ሲያወጣ ለማየት ይወጣል። ሦስተኛ ወገን ቢኖር ባልንጀራዬ ነው፤ ዕድሜውን በሒሳብ መምህርነት ፈጽሞ በጡረታ የሚኖር፣ ከኪሱ የምትወጣ ሳንቲም ሁሉ የመውጫ ፈቃድ ይዛ እንድትወጣ የሚያስገድድ፣ ገንዘብ ግን አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዘመነ ጽጌ በገባ ሰሞን ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «እሑድን ተራራ ላይ ውለን እንመለስ፤ ከታክሲ ሒሳብ በቀር ግን አንዲት ብር አናወጣም» አለኝ።

ምርጫው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መካከል ነበር። እነዚህ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ነፋስ ለመቀበል ለሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጸጋ አላቸው። እኔ በሰበታ በኩል ያለውን የወጨጫን ተራራ አነሣሁለት፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚተረክለትን የመናገሻ ሱባን ደን፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘለውን ጉሬዛና በጥሻው የሚሸሸገውን የምኒልክ ድኩላ ሳይቀር በሰፊው ገለጽኩለት። በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «በር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። አለው አልኩት። «በር ባለበት ቲኬት አለ» ብሎ ሰበታን ከመዝገቡ ፋቀ። የቡራዩን ነገር ሳነሣና የገፈርሳን ግድብ ስጠራ ደግሞ ጨርሶ ተቈጣ፤ «የገፈርሳን ውሃ በየወሩ ቢል እየከፈልሁ ቤቴ ድረስ አስመጣዋለሁ፤ አሁን ደግሞ እኔ እሱን ለመጠየቅ በታክሲ ልሄድ ነው?» አለኝ። በዚህ ዓይነት ሱሉልታ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጠች።

እሑድ ሌሊቱ ሳይነጋ ከአዲሱ ገበያ ተሳፍረን የእንጦጦን ሰንሰለት ስንሻገር፣ ባልንጀራዬ ድንገት እቴጌ ጣይቱን ማመስገን ጀመረ። ቤተ መንግሥቱ በዚያ ብርዳም ተራራ ላይ ሳለ እቴጌይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ይታጠቡ እንደ ነበር፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አካባቢ ቤት አሠርተው ከተማዪቱን አዲስ አበባ ብለው እንደ ሰየሟት የታወቀ ነው፤ እሱ ግን ከዚህ ታሪክ የቀሰመው ትምህርት ታሪክ ጸሓፊዎች ያላሰቡት ነበር። «ማገዶ ሳይነድ የሞቀ ውሃ!» አለ በአድናቆት፤ «እንግዲህ መዲናችን የተቈረቈረችው በነጻ ነገር ላይ አይደለምን?»

ሱሉልታ ስንደርስ ሜዳው በጭጋግ ተሸፍኖ፣ የክረምቱ ውሃ ገና ያልደረቀበት ረግረግ ከጸሐይዋ ጋር እየነቃ ነበር፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በሣሩ መካከል ይግጣል። አየሩ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቀው ባልንጀራዬ ሁለት ጊዜ ስቦ ከመረመረ በኋላ፣ «ይጎድላል» አለ። እውነቱን ነው፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮችን ወደዚህ የሚስባቸውም ይኸው ጉድለት ነው፤ ሰውነት የሳሳውን አየር ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያበዛ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባለድርሻ የሆነበት የያያ መንደርም ሆነ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ ሜዳ በዚሁ ይገኛሉ። ይህን ባስረዳው፣ «በስዊስ አገር በተራሮች መካከል ባለችው በዳቮስ ከተማ የሳንባ ሕመምተኞች ንጹሕ አየር ለመሳብ ይከፍሉ ነበር ሲባል ሰምቼ ገርሞኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሚዛኑ የጎደለ አየር በሙሉ ዋጋ ይሸጣል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ያለ ክፍያ የሚገኘው የመጀመሪያው ትርኢት አትሌቶቹ ናቸው። ዓለም በቴሌቪዥን ለማየት የሚከፍልባቸው እግሮች፣ በዚያ ጎሕ በቀደደበት ሰዓት ያለ ቲኬትና ያለ አጥር በፊታችን ያልፉ ነበር። ባልንጀራዬ ማየት ብቻ አልበቃውም፤ ጋቢውን ለእኔ አሸክሞ ከኋላቸው ጥቂት ርምጃ እንደ ሮጠ፣ ያ የጎደለው ሩብ አየር የት እንዳለ ታወቀው። ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ አንዲት ወጣት ሯጭ ፍጥነቷን ሳትቀንስ፣ «አይዞዎት አባባ!» ብላው አለፈች። ከዚያ በኋላ ስለ ስፖርት አልተነጋገርንም።

ሁለተኛው መዝናኛ ከመጽሐፍ የተገኘ ነበር። ሰባስቲያን ክናይፕ የተባሉ የባቫሪያ ካቶሊካዊ ቄስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቮሪስሆፈን ከተማ ሕመምተኞችን በጠል በራሰ ሣር ላይ በባዶ እግራቸው እያስኬዱ ያክሙ እንደ ነበር፣ ለዚህም ከየአገሩ ሰው ይጎርፍላቸው እንደ ነበር ያነበበው ባልንጀራዬ፣ የሱሉልታ ጠል ከባቫሪያ ጠል በምን ያንሳል ብሎ ጫማውን አወለቀ። ወዲያው በሜዳው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወደ እኛ መጥቶ፣ «አካም ቡልተን?» ሲል ሰላምታ ሰጠን፤ የባልንጀራዬን እግር ተመልክቶ አዘነና በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ፣ «ጫማ ተቀደደ?» አለው። ሕክምና ነው ብንለው ይህ ለማንም የሚገባ ነገር አልነበረምና፣ ልጁ የራሱን የላስቲክ ኮንጎ አውልቆ በሁለት እጁ አቀረበለት። ባልንጀራዬ ደንግጦ የገዛ ጫማውን እያጠለቀ መረቀው፤ ያን ያህል ረጅም ምርቃት ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ጸሐይ ከፍ ስትል ወደ አንድ የታወቀ የመዝናኛ ስፍራ በር ደረስን። ባልንጀራዬ ለዘበኛው እጅ ነሥቶ፣ «ማየት ስንት ነው?» አለው። ዘበኛው ነገር ዐዋቂ ነበር፤ «ማየት በነጻ ነው፤ መቀመጥ ግን በሻይ ነው» ሲል መለሰ። የሻዩን ዋጋ ጠየቅን፤ ከሰማን በኋላ ቆመን አየን።

እንዲህ ቆመን ሳለ ከአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ማብቂያ ደወል ተሰማ፤ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ተቁሞ አድሮ፣ ከቅዳሴው በኋላ ሕዝቡ እየወጣ ነበር። ቅጽሩን ተሳልመን ልንመለስ ስንል፣ በወር አንድ እሑድ የሚሰበሰቡት ሰንበቴዎች፣ እንግዳ የእግዚአብሔር ነው ብለው ወደ አዳራሻቸው አስገቡን፤ ባልንጀራዬንም ሽበቱንና ጋቢውን አይተው ከማኅበሩ ሙሴ አጠገብ አስቀመጡት። ድፎ ዳቦው ተባርኮ ተቈረሰ፤ ንፍሮው በየሰፌዱ፣ ጠላው በየዋንጫው ቀረበ። ባልንጀራዬ ዳቦ በጎረሰ ቁጥር ዘበኛው ወደ ቆመበት አቅጣጫ በድል አድራጊነት ይመለከት ነበር፤ ወደ እኔም ጠጋ ብሎ፣ «ይህን ያገኘ ሰው ሻይ ገዝቶ ቢጠጣ ኃጢአት ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይገባኛል። ባልንጀራዬ ማኅበር የሚባል ነገር ሁሉ ወጪ አለው ብሎ ዕድሜውን በሙሉ ሲሸሽ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ የሰንበቴን ሥርዓት አያውቅም ነበር። ስለዚህ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ «ለመጪው ወር የሚቀበል ማን ነው?» ሲሉ፣ ማኅበርተኛው የኑሮውን ውድነት እያሰበ አንገቱን ደፍቶ ዝም ባለ ጊዜ፣ እሱ እንግዳ ተከብሮ የመጨረሻውን ጽዋ እንዲጠጣ የተጋበዘ መስሎት ብድግ አለ፤ በታላቅ ትሕትናም ተሳልሞ ተቀበለ። እልልታው ቅጽሩን ሞላው። እኔ ሥርዓቱን ባውቅም፣ በተቀደሰ ጉባኤ መካከል ንግግር ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ጸሓፊው መዝገብ ይዞ መጥቶ ስሙን ከነክርስትና ስሙ ከጻፈ በኋላ፣ ለኅዳሩ እሑድ ዳቦው፣ ንፍሮውና ጠላው የእሱ ተራ መሆኑን በምስጋና አስታወቀው።

ባልንጀራዬ ጽዋውን እንደ ያዘ ፊቱ የነጻውን አየር ያህል ሳሳ። ይመልሰው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ነገር ግን ካህኑ፣ «ልጄ፣ ያብላህ ያጠጣህ፤ ለከርሞም ያድርስህ» ብለው ሲመርቁት፣ አሮጊቶቹም እጁን ሲስሙት፣ «አሜን» ከማለት በቀር መንገድ አልነበረውም።

ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ስንዴውን፣ ብቅሉንና ጌሾውን በጣቱ ሲያሰላ እያየሁ እኔም የራሴን አሰብኩ። በውጭ አገር ተጓዡ የሚከፈልበትንና የማይከፈልበትን ለይቶ ያውቃል፤ አንዱን ይገዛል፣ ሌላውን ይወስዳል፣ ከዚያም ከማንም ጋር ዕዳ ሳይኖርበት ይሄዳል። በእኛ ተራራ ግን ዋጋ ያልተለጠፈበት ነገር ሁሉ ተራ አለው፤ የእረኛው ልጅ ጫማ ምርቃት ያስመልሳል፣ የሰንበቴው ጽዋም ጽዋ ያስመልሳል። ስለዚህ በእውነት ምንም ሳይከፍል መመለስ የሚፈልግ ሰው የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ቢቀመጥ ይረክስለታል፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ሰው አይኖርም።

ይህን ብነግረው አልተቀበለኝም፤ እሱ በበኩሉ የተሻለ ስሌት አግኝቶ ነበር። «ማኅበርተኛው ሠላሳ ነው» አለኝ፤ «በወር አንድ ጊዜ ሲሆን ተራዬ የሚመለሰው በሁለት ዓመት ተኩል ነው። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ በልቼ አንድ ጊዜ ባበላ፣ ያተረፍኩት እኔ ነኝ።» የታክሲውስ አልኩት። ይህን አልደመረውም ኖሮ ድምፁ ጠፋ፤ አሁን ግን እንደ ሰማሁት ለዚህም መላ አግኝቶለት፣ በሱሉልታ የቤት ኪራይ ስንት እንደ ሆነ እያጠያየቀ ነው።