የተከራይ አከራይ

ከፒያሳ እስከ ፓርላማ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወርዶ፣ የአራት ኪሎን ዳገት ትንሽ ቃተት እያሉ መውጣት ነው። ከዚያ ወደዚህ የሚወርድ አዋጅ ግን ድልድዩ ላይ ምን እንደሚገጥመው እንጃ፣ እኛ ሰፈር ሲደርስ መልኩ ተለውጦ ይገኛል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ስድስት ዓመት የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ከኮምፔርሳቶ ጀርባ ኖሬያለሁ።

ቤቱ ወደ ዶሮ ማነቂያ ከሚያወርደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ተከራይዋ እትዬ ናቸው፤ ስማቸውን ልተወው። ለመንግሥት የሚከፍሉት በወር 7 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። በዚህ ብር ዛሬ ቶሞካ በር ላይ ቆሞ ቡናውን ማሽተት ይቻላል፤ መጠጣት ግን አይታሰብም።

የ7 ከ50 ታሪክ ረጅም ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፣ ማከራየት ቀረ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። ከ300 ብር በታች የነበረ ኪራይም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። እትዬ ያኔ ገና ሙሽራ ነበሩ። 15 ብር ይከፍሉበት የነበረው ቤት በአንድ ቀን ግማሽ ሆነላቸው። ሰልፍ ወጥተው፣ አከራይ የተባለን ሁሉ ሲያወግዙ ውለው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ሳምንት ሙሉ በጥቅሻ ሲያወሩ እንደከረሙ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ የብሩ ሥዕል ተለወጠ፣ ቀበሌውም ወረዳ ሆነ። 7 ከ50 ግን ንቅንቅ አላለችም።

እኔ የመጣሁት በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በደላላ። ክፍሏ ክፍል እንኳ አትባልም፤ የእትዬን ሳሎን ኮምፔርሳቶ ለሁለት ገምሶት የተረፈች ናት። ጣሊያን የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ገፍቶ ሲሄድ ለሰፈሩ ሁለት ቃል ትቶለት ሄዷል እላለሁ፦ ፒያሳና ኮምፔርሳቶ። ከወዲያ ሽሮ ሲንተከተክ ከወዲህ ሆዴ ይጮሃል። እኔ ሳስነጥስ እትዬ ከወዲያ "ይማርህ" ይላሉ። ኪራዩ 2,500 ብር።

"ውል እንጻፍ?" አልኳቸው በየዋህነት።

"የምን ውል! አንተ የእህቴ ልጅ አይደለህ እንዴ?"

የቀበሌ ቤት መልሶ ማከራየት ስለማይፈቀድ፣ በዚያች ደቂቃ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ የእህት ልጅ ሆንኩ። ደብረ ብርሃንን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። አንድ ቀን የወረዳው ሰው ለቆጠራ መጣና አየት አደረገኝ።

"እንዴት ነው ብርዱ፣ እዚያ?"

"እንደ ጉድ ነው" አልኩት። መቼም ይህ መልስ በየትኛውም ዘመን አያሳፍርም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማው አስተዳደር የቤት ኪራይ መጨመርንም ተከራይ ማስወጣትንም ለ3 ወር ከለከለ፤ ኋላም አራዘመው። እትዬ ዜናውን ከኮምፔርሳቶው ማዶ ሰምተው "እኔ ከመንግሥት ጋር ጠብ የለኝም" አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ፣ ኪራዩ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም። መብራት ላይ ግን 500 ብር ጨመሩ። ያለኝ አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር ነው። በዚያ ስሌት የመስቀል አደባባይን መብራት የምከፍለው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እዚህ ላይ አንጀቱ የተላወሰልኝ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

አንድ ጓደኛ አለኝ። አከራዩ አባሮት ሜዳ ላይ ሲወድቅ ደረስኩለት፤ አልጋዬ ሥር ፍራሽ አነጠፍኩለት። በወር 1,500 ብር። ከ2,500 ላይ 1,500 ግማሽ አይደለም የሚል ሒሳብ አዋቂ ይኖራል፤ አልጋው የኔ መሆኑን ይዘነጋል። እትዬ መብራት ላይ 500 ሲጨምሩብኝ እኔም "ኑሮ ተወደደ" ብዬ 500 ጨመርኩበት። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጭማሪው አልተሰማኝም። ውል እንጻፍ ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር፦ "አንተ'ኮ ወንድሜ ነህ!" ግን አልጠየቀኝም፤ ከእኔ ይልቅ ብልህ ነው።

በዚያ ቤት ሌላም ሰው ነበር፤ የእትዬ ልጅ። በ1997ቱ ምዝገባ 20/80 ተመዝግቦ፣ ጀሞ አንድ መኝታ ወጥቶለት፣ ቁልፉን ተረክቦ፣ በማግሥቱ አከራይቶታል። እሱ የሚተኛው እናቱ ጓዳ ነው። ማታ ማታ "የኔ ተከራዮች ግድግዳውን በምስማር ጨረሱት" እያለ ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔም ካላንደር ልሰቅል የያዝኩትን ምስማር ቀስ ብዬ አስቀምጣለሁ።

መጋቢት 2016 መጣ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ባለፈው ወር ተመርቋል፤ አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ከዳር እስከ ዳር ያርሰው ጀመር። አይሱዙ ሁሉ ቁም ሳጥንና ፍራሽ ጭኖ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያደገበትን በር ፎቶ ያነሳል። የእኛ ተራ ዘግየት ብሎ ደረሰና የወረዳው ሰው መዝገቡን ይዞ መጣ።

ለዓመታት "እዚህ ስንት ሰው ይኖራል?" ሲባል መልሱ አንድ ዓይነት ነበር፤ "እኔና የእህቴ ልጅ"። ያን ቀን ግን የሰፈሩ ቤት ሁሉ ድንገት ወለደ። መጋረጃ ኋላ የነበረው ወጣ፣ ቆጥ ላይ የነበረው ወረደ። ሁሉም ደባል ሆኖ መመዝገብ ፈለገ፤ ደባል በቀበሌ ቤት ቋንቋ በአንድ ጣሪያ ሥር ራሱን ችሎ የሚኖር ማለት ነው። እኔም አንገቴን አቅንቼ ቀረብኩ።

"እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። ተከራይ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ከፍያለሁ።"

ሰውዬው መዝገቡን ገለጠ። ቀና ብሎም አየኝ።

"የደብረ ብርሃኑ አይደለህም እንዴ? ብርዱ እንደ ጉድ ነው ያልከኝ?"

ዝም አልኩ።

"የእህት ልጅ ከሆንክማ ከአክስትህ ጋር ነዋ የምትሄደው" ብሎ ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ሕግ በሰፈራችን በትክክል ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በኔ ላይ።

መጋቢት 24 ቀን ዕቃው ግማሹ ታስሯል። ቴሌቪዥኑ ግን የመጨረሻ ጫኝ ስለሚወስደው ገና ግድግዳው ላይ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ የሚያጸድቅበት ቀን ነበር። ቁጥጥር ቤት ሠሪን ያሸሻል የሚሉ አሉ፤ ተከራይ ስንት ዘመን ይበዘበዝ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ያልተሳሳቱ ይመስለኛል። ዜና አንባቢዋ ፍሬ ነገሩን ስትዘረዝር አራታችን የታሰረ ዕቃ ላይ ተቀምጠን እናዳምጣለን። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አይነስ፤ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ።

"እሰይ! ይበላቸው!" አሉ እትዬ፣ እጃቸውን አጨብጭበው። "እነዚህ አከራዮች ደማችንን እኮ ነው የመጠጡን!"

"በተለይ መብራት እያሉ የሚጨምሩት" አልኩ እኔ።

"ወንድሜ ነህ እያሉም" አለ ጓደኛዬ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ።

የእትዬ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ከጓዳው "እህቴ፣ ቅድሚያው የስድስት ወር ነው ብለን ተስማምተን አልነበር እንዴ?" የሚል ድምፅ መጣ። ተመልሶ ወጥቶም ከኛ ጋር አከራይን ሲራገም አመሸ። አዋጁ አከራይና ተከራይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እንዳሉ አድርጎ ነው የተጻፈው። እዚያ ቤት አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችንም ተከራዮች። አከራይ የሚባል ሰው በዓይናችን አላየንም።

ቤቱ ከሄደ በኋላ እትዬ ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እኔ ሽሮሜዳ አንዲት ክፍል ያዝኩ፤ ጓደኛዬ ሌላ ወንድም አገኘ። ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣ እንዴት ነህ? አየሩ እዚህ ገላን ደብረ ብርሃንን ይመስልሃል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ብቻዬን ምን ይሠራልኛል። ኮምፔርሳቶውን ታውቃለህ አይደል? አይሱዙው ላይ አስጭኜው ነው የመጣሁት።"

"ስንት ነው እትዬ?"

"ከዘመድ ጋር ዋጋ አላወራም። አሁን ደግሞ አዋጅ አለ፤ እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። ውል እንጽፋለን፣ ሁለት ዓመት። ወረቀቱ ላይ 2,000 ይሁን። የቀረው የመብራት ነው።"

ደውዬ እነግርዎታለሁ ብዬ ዘጋሁና ወዲያው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

"ያ ፍራሽ አለ?" አልኩት።