አድራሻ የሌለው ብሶት

ሰው ሐዘን ሲበረታበት ልብሱን ሲቀድድ አይቻለሁ፤ ወግ ነው። ገንዘብ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ሌላ ሰው የቀደደለትን ሱሪ ለብሶ የሚያዝን ትውልድ ግን ያየሁት እዚህ ሙኒክ ነው። የልጅ ልጄ በቀደም ሁለቱም ጉልበቱ የተቦተረፈ ጂንስ ገዝቶ መጣ። ዋጋውን ሲነግረኝ "ጉልበት ቢኖረው ኖሮ ስንት ሊሉህ ነበር?" አልኩት። አያቱ ደግሞ ደግ ሴት ናት፤ ማታ ሁላችን ስንተኛ መነጽሯን አድርጋ፣ ከእኔ አሮጌ ሱሪ ጨርቅ ቆርጣ፣ ክሩን ከቀለሙ ጋር አመሳስላ ሁለቱንም ጉልበት ጥፋ አሳደረችለት። በጣት ካልዳሰሱት ስፌቱ አይታወቅም። ጠዋት ልጁ ሱሪውን አንስቶ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የደስታ መስሏት "ሌላም ካለህ አምጣ የኔ ጌታ" አለችው።

ከሱሪው ጋር የመጣችው ካናቴራ ላይ ደግሞ ዓይኑ የጠፋ፣ ምላሱን ያወጣ ቢጫ ፊት አለ፤ ከላዩ "ኒርቫና" ይላል። ስለ ባንዱ ሰዎች ብጠይቀው ከሦስት ዘፈን በላይ አይጠራም። እንግዲህ አያቱ ያስተምረው እንጂ ምን ይደረግ! በዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ነው ያረጀሁት፤ ታክሲ ነጂ ደግሞ የሚጠላውንም ሙዚቃ ጠንቅቆ ያውቃል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው። በሁለት ካላንደር መካከል መሸምገል ሰልችቶኛል።)

ግራንጅ የሚሉት ሮክ የመጣው ከሲያትል ነው፤ ዝናብና ግንድ ቆራጭ ከማይጠፋበት የአሜሪካ ጥግ። ያ ባለ ካሬ ወፍራም ሸሚዝ ለብርድ ተብሎ የተሠራ የሠራተኛ ልብስ ነበር። የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤን የተወለደው አበርዲን በምትባል የእንጨት ንግድ ከተማ ነው። በ1989 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ለመቅዳት የከፈሉት 606 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህን አከብርላቸዋለሁ፤ አባካኝ አልነበሩም። በሴፕቴምበር 1991 "ኔቨርማይንድ" የሚለውን አወጡና በጃንዋሪ 1992 ማይክል ጃክሰንን ከአሜሪካ ሰንጠረዥ አናት ላይ አወረዱት። ማይክል ጃክሰንን! ያ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ካልሲው ሳይቀር የሚያብለጨልጭ፣ እግሩ መሬት የማይነካ ሰው፣ ማበጠሪያ ባልነካው ፀጉር ተተካ። ፐርል ጃም፣ ሳውንድጋርደን፣ አሊስ ኢን ቼይንስም አብረው ገነኑ፤ ሁሉም ከፍቷቸዋል።

ማርክ ጄከብስ የሚባለው የኒው ዮርክ ልብስ አዋቂ በዚያው ዓመት የግንድ ቆራጩን ሸሚዝ በሐር አሠርቶ መድረክ ላይ አቆመው። ከሥራው ተባረረ። ፍርድ ያለበት አገር ነው ብዬ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ በ2018 ያንኑ ስብስብ መልሶ አወጣው፤ ቢጫውን ፊት አስመስሎ ስላተመበት የኒርቫና ሰዎች ፍርድ ቤት አቆሙት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሚያስቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1992 ኒው ዮርክ ታይምስ የወጣቶቹን የአራዳ ቋንቋ ፈልጎ ሲያትል ሙዚቃ ቤት ውስጥ ለሠራች አንዲት ልጅ ስልክ ይደውላል። እሷም እዚያው ስልኩ ላይ ከኪሷ ቃላት እየፈበረከች ነገረችው፤ ያ የተከበረ ጋዜጣ አምኖ አተመው። ይህቺ ልጅ አራዳ ናት። እንዲህ ያለ ተረብ በዘፈኑ ውስጥ ቢኖርበት ምን ነበረበት?

ግራንጁ ወደ እኛ መንደር ሲደርስ ነው እኔን ያቃጠለኝ። በደርግ ጊዜ አንድ ሻንጣ ይዤ ይህን አገር የረገጥኩት በአሮጌው የሪም አየር ማረፊያ ነው። በ1992 አየር ማረፊያው ተዘጋ፤ ተርሚናሉም የኮንሰርት አዳራሽ ሆነ። እኔ ፓስፖርቴን አቅፌ ላብ ያጠመቀኝ ቦታ ላይ ማርች 1 ቀን 1994 ማታ ኒርቫና ተጫወተ። የመጨረሻ ኮንሰርታቸው እንደሚሆን ማንም አላወቀም። ኮቤን ታሞ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ የቀረው ጉዞ ተሰረዘ፤ በአፕሪል በ27 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ነበረችው። ነፍስ ይማር፤ በዚህ አልቀልድም።

በዚያ ማታ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ሪም ሰው ሳመላልስ አራት ልጆች ተሳፈሩ። አራቱም ያው ሸሚዝ፣ ያው ሱሪ፣ ያው የተንጨባረረ ፀጉር። ከየት እንደመጡ መለየት አቃተኝ። ለታክሲ ነጂ ይህ ትልቅ ውርደት ነው! ቀድሞ ጣሊያኑን በጫማው፣ ሆላንዱን ሒሳብ ሲካፈል፣ እንግሊዙን በሩን እኔ ዘግቼበት እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ አውቀው ነበር። ኋላ እንደገባኝ አንዱ የኢንስብሩክ ኦስትሪያዊ፣ አንዱ ሆላንዳዊ፣ ሁለቱ ጀርመኖች ነበሩ። ዝም ብለው በመስኮት ያያሉ።

"ምነው ልጆች፣ ሰው ሞተባችሁ?" አልኩ።

"አይ፣ ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ማን በደላችሁ?"

ፀጉሩ ዓይኑን የሸፈነው ትንሽ አሰበና "ሁሉም ነገር" አለኝ።

ሁሉም ነገር! እኔ ባደግኩበት አገር ሙሾ አውራጇ የሟቹን ስም ትጠራለች፣ የአባቱን ስም ትጠራለች፣ ሲያስታምሙት የለገሙትንም በዘወርዋራ ትወጋለች፤ አልቃሹ ለማን እንደሚያለቅስ ያውቃል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አማርሬያለሁ፤ ባለቤቴ ምስክር ናት። ግን ሁልጊዜ በስም፣ በአድራሻ። እነዚህ "ሁሉም ነገር" ብለው ተከፍተው፣ ሆላንዱ ከጀርመኑ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጦ አንዲት ነገር እንኳ አልተባባሉም። አጠገብህ ይህን የመሰለ ባለጋራ እግዜር አስቀምጦልህ በ"ሁሉም ነገር" ታዝናለህ?

አባቶቻቸው እንዲህ አልነበሩም። በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመን ሆላንድን 2 ለ 1 የረታችው እዚሁ ሙኒክ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሆላንዳዊ ካሳፈርክ ኦሎምፒክ ስታዲየሙ ጋ ስትደርስ ድምፁ ይለወጣል። በ1988 ሆላንዶች ሃምቡርግ ላይ ተበቀሉ፤ ሮናልድ ኩማን ከጀርመኑ የተለዋወጠውን ማሊያ ሽማግሌ የማያነሳው ቦታ ላይ መጥረጊያ አስመሰለው። በ1990 ሚላን ላይ ሆላንዱ ፍራንክ ራይካርድ በጀርመኑ ሩዲ ፎለር ጥቅልል ፀጉር ላይ ምራቁን ተፋ፤ ሁለቱም በቀይ ወጡ። ኋላ ሁለቱ ታረቁና ምን ሠሩ ብትሉ፣ ነጭ የመታጠቢያ ካባ ለብሰው አብረው የሆላንድ ቅቤ አስተዋወቁ። ምራቅ ያረፈበት ፀጉር በቅቤ ታረቀ! ይህን የሰማች ባለቤቴ "አናቱ ላይ ቢያደርጉለት ደግሞ ይበልጥ ይስማማው ነበር" አለች።

የጀርመንና የኦስትሪያ ግን የወንድማማች ነገር ነውና ይብሳል። በ1978 ኮርዶባ ላይ ኦስትሪያ ጀርመንን 3 ለ 2 አሸንፋለች። ጨዋታው ለኦስትሪያ ዋንጫ አላመጣም፣ ከምድቡም አላሳለፋት፤ ጀርመንን ግን ወደ ቤቷ ሸኝቷል፤ ያ በቂ ነው። ምድር ቤት ያለው የሳልዝቡርግ ጎረቤቴ ስለ ኮርዶባ ሲያወራ ትናንት ከስታዲየም የተመለሰ ይመስላል። ስለ ኺኾን ስጠይቀው ግን ጆሮው አይሰማም። እኔ ግን አልረሳሁም! በ1982 የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ አፍሪካ በሙሉ ጨፈረ። በምድቡ የመጨረሻ ቀን ስፔን ውስጥ ኺኾን ላይ እነዚህ ሁለት ባለጋሮች፣ ጀርመንና ኦስትሪያ፣ ተገናኙ። ጀርመን በአንድ ጎል ካሸነፈች ሁለቱም ያልፋሉ፤ አልጄሪያ ትወድቃለች። በ10ኛው ደቂቃ ጎሉ ገባ። ከዚያ በኋላ ኳሷን ወዲያና ወዲህ ሲያሻሹ አመሹ፤ ስፔኖቹ በየመቀመጫቸው ነጭ መሐረብ አውለበለቡ። ፊፋም ከዚያ ወዲህ የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት አደረጋቸው። ፈረንጅ ከፈረንጅ ሲጣላ አይተህ በመካከል ገብቼ አተርፋለሁ እንዳትል፤ እርቁን የሚያወጡት በአንተ ሒሳብ ነው።

ደግሞ የመንገዱ ጣጣ አለ። ኦስትሪያ አውራ ጎዳናዋን ለመንዳት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ትሸጣለች፤ ጀርመኑ በየክረምቱ ስኪ ሊጫወት፣ በየበጋው ጣሊያን ሊወርድ ሲያቋርጥ እየተነጫነጨ ይከፍላል። የሙኒክ ክልል ሰዎች፣ ባየርኖቹ፣ "እኛም እናስከፍላለን" ብለው ተነሡ፤ ሕጉ ወጣ። ብልሃቱ፣ ጀርመኑ የከፈለውን ያህል ከመኪና ግብሩ ይቀነስለታል፤ ማለትም ቁርጥ አድርጎ የሚከፍለው የውጭ ሰው ነው። ኦስትሪያ ከሰሰች፣ ሆላንድም ከጎኗ ቆመች (እንዴት አትቆምም?)፤ በጁን 2019 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለኦስትሪያ ፈረደ። ኋላ ጀርመን ሥራውን ተዋውለው ለነበሩት ድርጅቶች 243 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ከፈለች። ፍርዱ የተሰማ ቀን የሳልዝቡርጉ ጎረቤቴ የመኪናውን መስታወት ሲወለውል ዋለ። ፊት ለፊቱ የሚኖረው ጡረተኛ ጀርመን ደግሞ መጋረጃውን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም የሚሉት እኔን ብቻ ነው።

የሌላው ብዙ አያስደንቅም። ፈረንሳዩ በቤልጂጉ ይቀልዳል፣ ቤልጂጉ በሆላንዱ ንፍገት ይቀልዳል። ኖርዌዩ ስለ ስዊድኑ የሚያወራውን ቀልድ ስዊድኑ ስሙን ለውጦ ስለ ኖርዌዩ ያወራዋል፤ ቀልዱ ያው አንድ ነው። እንግሊዙ ጀርመኑ ሌሊት ተነሥቶ መዋኛ ዳር ወንበሩን በፎጣ ይይዛል ይላል። በቢራው በዓል በኦክቶበርፌስት መካከለኛ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጣሊያኖች በካምፐር የብሬነርን ተራራ ተሻግረው ይጎርፋሉ፤ ባየርኑ ዓመቱን ሙሉ ያማቸዋል፣ የዘገዩ እንደሆነ ደግሞ ይናፍቃቸዋል። የቤቴ አከራይ ባየርን ነው። እኔን "የኛ ሰው" ይለኛል፤ ከሃምቡርግ የመጣውን ተከራይ ግን እስከ ዛሬ "ፕሩሲያዊው" ነው የሚለው።

እንግሊዞች ብቻ ነቄ ነበሩ። ብለር የሚባለው ባንድ በ1992 አሜሪካን ሲዞር ተማረረና አገሩ ተመልሶ "ግራንጅ በቃን" ብሎ ተነሣ፤ በ1993 ስለ እንግሊዝ ሰፈርና ስለ እንግሊዝ ኑሮ አልበም አወጣ። ጠላቱ ከነአድራሻው፦ ሲያትል! ሲያትል ሲዳከም ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም፤ እርስ በርስ ተያያዙ። ኦገስት 14 ቀን 1995 የደቡቦቹ ብለርና የማንቸስተሮቹ ኦዌሲስ በአንድ ቀን ዘፈን አወጡ። ብለር 274 ሺህ፣ ኦዌሲስ 216 ሺህ ሸጡ፤ ወሬው የማታ ዜና ላይ ሳይቀር ወጣ። ሕዝቡ ማንን እንደሚጠላ ያውቅ ነበር፤ ፊቱም ያበራ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኩት። "አባባ፣ እኛ ግን ማንንም አንጠላም" አለኝ። እሱና ጓደኞቹ ባንድ አቋቁመዋል። ከበሮ መቺው ግማሽ ኦስትሪያዊ፣ ቤዝ የሚመታው የክሮኤሽያ ልጅ፣ ዘፋኙ ሆላንዳዊ፤ ሁሉም ባለ ካሬ ሸሚዝ፣ ሁሉም "ሁሉም ነገር" የከፋው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥር ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌ ውስጥ ሲጮሁ የድንች ጆንያው ይንቀጠቀጣል። አማርሬ አማርሬ ላስወጣቸው ስል ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ከመንገድ እዚህ ይሻላሉ" አለችኝና ዝም አልኩ።

ባለፈው ሰኞ የፖስታ ሣጥኔ ውስጥ የአቤቱታ ደብዳቤ አገኘሁ። ጩኸቱ የሕንፃውን የዕረፍት ሰዓት ይጥሳል ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ፤ የሳልዝቡርጉና የጡረተኛው ጀርመን! አምስት ዓመት ያለፈው ኩርፊያ በእኔ ቤት ታረቀ። ልጁን ጠርቼ ደብዳቤውን አሳየሁትና "ኺኾን ያልኩህ ይኸውልህ!" አልኩት።

ቀረብ አድርጌ ሳየው ግን ደብዳቤውን በእጁ የጻፈው ኦስትሪያዊው ነው፤ ጀርመኑ ከመፈረሙ በፊት በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ ኮማ ጨምሮበታል። ኦስትሪያዊው ይህን ያወቀው እኔ ሳሳየው ነው። አሁን በየማታው ደጄን ያንኳኳል፤ ቡናውን ይዞ ይቀመጥና እስኪመሽ ያማርራል። ስለ ጩኸቱ አንድ ቀን አላነሳም፤ ስለ ኮማው ነው።