መብራት ሄደ በቴክሳስ

ቴክሳስ አብዛኛውን የኤሌክትሪክ መረቡን ከጎረቤት ግዛቶች ነጥሎ የያዘው የፌዴራሉ መንግሥት እጁን እንዳያስገባበት ነው። ክልል ማለት እንዲህ ነው እንጂ! ታዲያ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ውርጩ ሲወርድበት ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት ጨለመ፤ ጎረቤት ላበድር ቢል እንኳ በቂ መስመር አልነበረም።

በደወለ ቁጥር «አንበሳሜ ዛሬም መብራት ይጠፋል?» እያለ የሚያሽሟጥጠን የዳላሱ ዘመዳችን፣ ያን ሰሞን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ደወለ። አንበሳሜ ያለችው አክስቱ የኩራዙን ጥላሸት እየጠረገች አዳመጠችው።

«ውይ የኔ ልጅ! ኩራዝ የላችሁም? ማገዶስ?»

«የለንም እትዬ።»

«በል በርታ። ደግሞ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልክ አምፖሉ ላይ አንጋጠህ እንዳታመሽ፤ አንገትህን ነው የሚያምህ።»