የማይከፈት ፋይል፦ ባሕርዩ፣ ዓይነቶቹና አስታማሚዎቹ

የችግሩ አመጣጥ

በአገራችን ሥራ ከሚያስቆሙ ምክንያቶች መካከል የመብራት መጥፋትና የኔትወርክ መቆራረጥ በቂ ትኩረት አግኝተዋል። መብራት እያለ፣ ኔትወርክም እየሠራ፣ አንድ ፋይል አልከፈትም ብሎ ቢሮውን በሙሉ የሚያቆምበት ክስተት ግን ተገቢው ጥናት ተነፍጎታል። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ነው። የጥናቱ ወሰን ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ይደርሳል። ዘዴው ጎን ቆሞ መመልከት ነው፤ ፋይል አልከፈት ያለው ሰው መጠይቅ አይሞላምና።

የሕመሙ ደረጃዎች

ተጠቃሚው ፋይሉን ሁለቴ ይጫነዋል። ካልተከፈተ ያንኑ ይደግማል፤ የሚለወጠው የጣቱ ጉልበት ብቻ ነው። ቀጥሎ ፍላሹ ይነቀላል፣ እፍ ይባልበታል፣ ተመልሶ ይሰካል። እፍታው በፋይሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ባይኖርም ባለቤቱን ያረጋጋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይበራል። ይህም ካልሠራ «እስቲ ልጁን ጥሩት» ይባላል። ልጁ ማለት የቅጥር ደብዳቤው ስለ ኮምፒውተር አንድም ቃል ሳይል ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ የታመነበት፣ አርባ ዓመት ቢሞላውም ልጁ መባሉ የማይቀርለት ሠራተኛ ነው።

ልጁ እስኪመጣ ላኪው ዘንድ ይደወላል። የሚከተለው ንግግር በየቦታው ያለ ምንም ልዩነት ይሰማል፦

«የላክህልኝ ፋይል አልከፈት አለኝ እኮ።»

«ውይ፣ እኔ ጋ ይከፈታል።»

«እኔ ጋ ነዋ የማይከፈተው!»

«ምን ነካክተሽበት ነው?»

በሚከተሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ዓይነቶች ሁለቱም ወገኖች እውነት ተናግረዋል። ጠቡ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ዓይነቶቹ

አንደኛው ጎዶሎው ነው። ሲወርድ ኔትወርክ ተቋርጦበት ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ፎቶ ከሆነ ጉዳዩ ወዲያው ይታወቃል፤ የሙሽሮቹ ፊት ይመጣል፣ ከወገባቸው በታች ግራጫ ይሆናል። የዎርድ ሰነድ ግን እንዲህ ያለ ግማሽነት አያውቅም። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የምንጠቀምበት የዎርድ ፋይል ውስጡ ሲታይ ዚፕ ነው፤ ዚፕ ደግሞ ማውጫውን የሚያስቀምጠው መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ከመቶ ገጽ ዘጠናው በሰላም ደርሶ ጅራቱ ቢቀር አንድም ገጽ ላይታይ ይችላል። ምርመራው የፋይሉን መጠን ከላኪው ጋር ማመሳከር ነው፤ እዚያ 4 ሜጋባይት የነበረ እዚህ 2 ከሆነ ነገሩ አልቋል። ይህ ምርመራ ቀላልና ነፃ በመሆኑ የሚያደርገው ሰው የለም።

ሁለተኛው የስም ችግር ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ሠራተኛው ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት፣ ቅጥያ የሚባሉት ፊደላት ዊንዶውስ የትኛውን ፕሮግራም እንደሚጠራ ከመጠቆም አልፈው የፋይሉን ገላ አይለውጡም። ማንነቱ የተጻፈው በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ ነው። ፒዲኤፍ ገና ሲጀምር «ፒዲኤፍ ነኝ» ይላል። ዚፕ ደግሞ ፎርማቱን በ1989 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የአሜሪካዊው የፊል ካትዝ ስም መነሻ በሆኑት «ፒ» እና «ኬ» ይጀምራል። እናም በዎርድ የተጻፈ የወረዳ ደብዳቤ ሁሉ፣ ከማኅተሙና ከቲተሩ በፊት፣ የአንድ የሚልዋኪ ሰው ምልክት አናቱ ላይ ይዞ ይዞራል። ይህን ያልሰማ ተጠቃሚ ፒዲኤፉን ዎርድ ለማድረግ ስሙን ለውጦ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ተከፍቶ የማይነበበው ሲሆን የራሳችን ሀብት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር የወንበሮቹን ባለቤቶች ያሳያል፤ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ በሙሉ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ይሆናል። ተጠቃሚው «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ይወስናል። ፎንቱ ሲጫን ግን የተበላው ሁሉ፣ ከአጀንዳው እስከ ሻይ ወጪው፣ ይመለሳል።

አራተኛው እውነተኛ ቫይረስ ያለበት ነው። በፍላሽ የሚዛመተው የሾርትከት ቫይረስ ፋይሎቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ይተክላል። ባለቤቱ «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ያዝናል፤ አዝኖም ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ፋይሎቹ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሙሉ ጤንነት እዚያው ነበሩ። ቫይረሱ መደበቅን ጀመረ፤ ማጥፋቱን ባለቤቱ ፈጸመው።

አምስተኛው እንዳይከፈት ተብሎ የተላከው ነው። ሪፖርት ዛሬ ይግባ በተባለበት ቀን፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ይደርሳል። «አልሠራሁትም» ያለ ሠራተኛ ይጠየቃል፤ የላከው አልከፈት ያለበት ሠራተኛ ግን ይታዘንለታል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከስልክ አንድ ፎቶ ይመረጣል፣ ቅጥያው ወደ ዎርድ ይለወጣል፣ «የሩብ ዓመት ሪፖርት የመጨረሻው» ተብሎ ይሰየማል። «እኔ ጋ ይከፈታል» የሚለው ቃል ውሸት የሚሆነው በዚህ ዓይነት ላይ ብቻ ነው፤ የሚነገረውም ከሁሉም በበለጠ እርጋታ ነው።

ምክረ ሐሳብ

ተቀባዮች መጠኑን ያመሳክሩ። ዊንዶውስ ካልታዘዘ ቅጥያን ይደብቃልና እንዲያሳይ ይዘዙት። ሁሉን ሞክረው ካልሆነ የፋይሉን ቅጂ በኖትፓድ ከፍተው የመጀመሪያውን መስመር ይዩ። ፎርማት ለማድረግ ግን አይቸኩሉ። ላኪዎች በሌላ ሰው የማይታረመውን ሰነድ ፎንቱን አካትተው በፒዲኤፍ ይላኩ።

ለአምስተኛው ዓይነት ላኪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከስልክ የወጣ ፎቶ ስሙ ምንም ቢባል በኖትፓድ ሲከፈት አናቱ አካባቢ ብዙ ጊዜ «ኤግዚፍ» ወይም «ጄፊፍ» የሚል ቃል ይታያል። ልጁ ይህን ያውቃል። እስካሁን ለአለቆቹ ያልተናገረው እሱም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ስለሚጠየቅ ነው።