አብሽሩ፣ ሊኑክስ አለ

ደሴ ፒያሳ ላፕቶፑን ከፍቶ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የታየበት ሰው ሳይተረብ ቤቱ አይገባም። ለዘወትሮዎቹ ተረቦች መልሳችን ይኸው።

«ይሄን ነገር ካንተ ሌላ የሚያውቀው አለ?»
ኪስህ ያለው አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ተማሪ ሳለ የጀመረው። ሳታውቀው የኛ ነህ፣ ወንድሜ።

«ዊንዶውስ እያለ ምን አለፋህ?»
የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የሌለውን ማሽን በደንቡ አይቀበልም። ልጅ የሚማርበትን ደህና ላፕቶፕ ኩባንያው ፊት ስለነሳው እንጣለው?

«የኔም ዊንዶውስ በነፃ ነው፤ ክራክ አስደርጌ።»
ክራክ ማስደረግ ለማታውቀው ሰው የቤትህን ቁልፍ መስጠት ነው። የኛው ነፃም ሕጋዊም ነው።

«ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር አይሆንም።»
ጽሕፈት ቤት የሰካኸው ፍላሽ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት የሆነብህ ዕለት ወዴት ሮጥክ? ቫይረሱ ፋይልህን «ድብቅ» ብሎ ምልክት አድርጎበት ነበር። ዊንዶውስ ምልክቱን አምኖ ደበቀህ። ሊኑክስ ከቁብ አልቆጠረውም፤ የመመረቂያ ጽሑፍህ ፍንትው ብሎ ታየ። ሾርትከቱን አጥፍተን አስረከብንህ።

«አማርኛስ?»
ኪቦርዱ አብሮት አለ፤ መርጦ መጻፍ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ስለገባ ዛሬ የትም ይነበባል። በድሮ ፎንት የተጻፈው ግን ፎንቱ ከሌለ ዊንዶውስ ላይም አይነበብም።

«ጥቂት ናችሁ፤ ነገ ትጠፋላችሁ።»
ቢኦኤስ የተባለውን ሥርዓት የሠራው ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ንብረቱን ሸጠ፤ ኋላም ተዘጋ። ወዳጆቹ ሃይኩ ብለው እንደ አዲስ ጻፉት፤ ዛሬም ይሠራል። ኮሞዶር በ1994 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ አሚጋ የተባለው ኮምፒውተሩ ወዳጆች ግን አሁንም አሉ። ሥርዓቱን የሚያኖረው የሚወደው ሰው ነው።

«ደሴ ጫንክልኝ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ቢበላሽብኝስ ማን አለኝ?»
ይቺ ተረብ አይደለችም፤ እውነት ናት፤ መልሷም የኛ ዕዳ ነው። ጀማሪ ሲጠይቀን «ራስህ አንብብ» ብለን ካባረርነው፣ ያኔ በእርግጥ እንጠፋለን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። እዚያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስነሱ፤ አንድ ታናሽ ከጎናችሁ አስቀምጡና አጫጫኑን በእጁ እያስነካችሁ አስተምሩት። እሱም ሌላውን ያስተምር። ያኔ «ማን አለኝ?» ላለን ሰው ስም ጠርተን፣ ስልክ ሰጥተን እንልከዋለን።